ውሃ የገባበት ነዳጅ

በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የኬሚካል ምሕንድስና ቤተ ሙከራ የተሠራው መሣሪያ ሲያዩት ግርማ ሞገስ አልነበረውም። አናቱ ላይ የተገጠመለት መካኒኮች ኢንጀክተር የሚሉት፣ በየትኛውም ዘመናዊ መኪና ሞተር ላይ የሚገኘው የነዳጅ መርጫ ነው። ኢንጀክተሩ ኢታኖልና ውሃ የተቀላቀሉበትን ፈሳሽ አድቅቆ ይረጫል። የተረጨው ጉም ከአየር ጋር ይደባለቅና ሮዲየምና ሴሪየም ኦክሳይድ ወደተቀባ የጋለ ሴራሚክ ይገባል። ሙቀቱ ወደ 700 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል። ጉሙ ሃይድሮጅን ሆኖ ለመውጣት እዚያ ላይ የሚቆየው ከሰከንድ አንድ መቶኛ ላነሰ ጊዜ ነው። የዓይን ጥቅሻ እንኳ ከዚያ ይዘገያል።

መሣሪያውን የሠሩት ላኒ ሽሚትና ባልደረቦቹ ግሬግ ዴሉጋ፣ ጄምስ ሳልጅ እና ዜኖፎን ቬሪኪዮስ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2004 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ አወጡት። ከገባው ኢታኖል ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው ተለውጧል። ያሰቡትም ሰፊ ግቢ ለሚይዝ ፋብሪካ አልነበረም፤ ሃይድሮጅንን በጋዝ ሲሊንደር መሸከም ለማይችሉ፣ ትንሽ፣ ቀላልና ጠንካራ መሆን ላለባቸው ተንቀሳቃሽ የኤሌክትሪክ ምንጮች ነበር።

ብዙዎች የተደነቁት በፍጥነቱ ነው። ከፍጥነቱ ይልቅ ሊጤን የሚገባው ግን ውሃው ነው።

ውሃ የገባበት ቤንዚን የቀዳ ሾፌር መኪናው እያሳለችበት መሐል መንገድ ላይ ይቀራል። ለሞተር ውሃ ጠላት ነው። እዚህ ግን ውሃው ራሱ የምርቱ ግማሽ ይሆናል። አንድ የኢታኖል ሞለኪውል ስድስት የሃይድሮጅን አቶም ይዟል፤ አብረውት የሚገቡ ሦስት የውሃ ሞለኪውሎች ደግሞ ሌላ ስድስት ይዘው ይመጣሉ። በጋለው ካታሊስት ላይ ሲገናኙ የኢታኖሉ ካርቦን የውሃውን ኦክስጅን ይወስድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ነፃ የወጡት 12 አቶሞች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ስድስት የሃይድሮጅን ሞለኪውል ይሠራሉ፤ ግማሹ ከነዳጁ፣ ግማሹ ከውሃው። ካታሊስት ማለት ራሱ ሳያልቅ ሌሎች ነገሮች ቶሎ እንዲዋሐዱ ወይም እንዲለያዩ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ነው። ይህ ለውጥ ብዙ ሙቀት ይጠይቃልና ሽሚት አየር የጨመረው ከነዳጁ ጥቂቱ እዚያው ተቃጥሎ ለቀሪው ሙቀት እንዲሰጥ ነው። ስለዚህ ከሒሳቡ የተወሰነ ሃይድሮጅን ይጎድላል፤ በምትኩ መሣሪያው ከውጭ ምንም ማሞቂያ ሳይፈልግ ራሱን ያስኬዳል።

ኢታኖል አልኮል ነውና፣ ውሃው ጠቃሚ መሆኑ ለአልኮል አምራች ትልቅ ነገር ነው። እርሾ ሥራውን ጨርሶ በሚተወው ፈሳሽ ውስጥ አልኮሉ አሥር በመቶ ገደማ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ውሃ ነው። አረቄ የምታወጣ ሴት የውሃን ዋጋ በማገዶዋ ታውቀዋለች። አረቄውን ዳግም ለማድረግ እንደገና መጣድ፣ እንደገና እንጨት መማገድ አለባት። ፋብሪካውም በብረት ማማ ውስጥ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ኢታኖሉ በክብደት 95.6 በመቶ ሲደርስ ግን ማጥለሉ ይገተራል፤ ከዚያ ወዲያ አፍልቶና አቀዝቅዞ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ከቤንዚን ጋር ሊቀላቀል የታሰበ ኢታኖል ከ99 በመቶ በላይ ደረቅ መሆን ስላለበት ውሃን መጥጦ በሚያስቀር ማዕድን ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። ይህ ሁሉ እንፋሎት፣ መሣሪያና ገንዘብ ይበላል።

ሃይድሮጅን ለማውጣት ግን «ለአንድ ኢታኖል ሦስት ውሃ» የሚለው ሒሳብ ወደ ክብደት ሲመነዘር፣ የሚፈለገው ቅልቅል ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ከጠንካራ ዳግም አረቄ ብዙም አይርቅም።

አንባቢ እዚህ ላይ በቀጥታ ሃይድሮጅኑን ይዞ መሄድ አይሻልም ወይ ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ሃይድሮጅን በክብደት ሲታይ ወደር የለውም፤ አንድ ኪሎው ወደ 33 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ኃይል ይይዛል። ችግሩ ቦታው ነው። በተራ አየር ግፊት አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ወደ 12 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። እንደ ዘመኑ የሃይድሮጅን መኪኖች ከከባቢ አየር 700 ጊዜ በሚበልጥ ግፊት ቢታመቅ እንኳ በአንድ ሊትር ቦታ ውስጥ የሚገባው 40 ግራም አካባቢ ነው፤ የሲሊንደሩ ግድግዳ ክብደት ሳይታሰብ። ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ድረስ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ቢደረግ 71 ግራም ይሆናል። ኢታኖል የሚያስፈልገው ውሃ ተጨምሮበት በአንድ ሊትር ቅልቅል 100 ግራም የሚያልፍ ሃይድሮጅን ሊያወጣ ይችላል። ይህ ፈሳሽ ግፊትም ቅዝቃዜም አይፈልግም፤ በጀሪካን ይቀዳል፣ በአህያ ይጫናል። ይህን ሃይድሮጅን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ፊውል ሴል ሲሠራ የሚያወጣው እንፋሎት ቀዝቅዞ ውሃ ስለሚሆን፣ አንዳንድ መሣሪያዎች ያንኑ ውሃ መልሰው ከነዳጁ ጋር ይቀላቅሉታል።

ፊውል ሴል ሲባል የነዳጅን ኃይል ሳያቃጥል ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ዕቃ ማለት ነው። የዌልሱ ጠበቃና ሳይንቲስት ዊሊያም ግሮቭ ሐሳቡን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። በአንድ ወገን ሃይድሮጅን፣ በሌላው ወገን ከአየር የሚመጣ ኦክስጅን፣ መሐላቸው ስስ ሽፋን አለ። የሃይድሮጅኑ ኤሌክትሮኖች በሽፋኑ ማለፍ ስለማይችሉ በሽቦ ዞረው ይሄዳሉ። በሽቦው የሚሄደው ጉዞ ኤሌክትሪክ ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ውሃ ነው። ጭስ የለም፣ የሚንቀጠቀጥ ሞተር የለም።

ታዲያ ሽሚት ያን ካሳየ በኋላ ባሉት ዓመታት ኢታኖል የሚጠጣ የኪስ ጄኔሬተር ለምን በየሱቁ አልተሸጠም? መልሱ በአብዛኛው በአንድ ጋዝ ዙሪያ ይሽከረከራል።

ካርቦን ሞኖክሳይድን ኢትዮጵያውያን በመጥፎ ያውቁታል። በክረምት ሌሊት በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ያነደደ ቤተሰብ ሳይነቃ እንዲቀር የሚያደርገው እሱ ነው። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፤ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ተቆናጥጦ ይይዛል። ያው ጋዝ ፊውል ሴል ውስጥ ሲገባ ደግሞ የሴሉን የፕላቲነም ካታሊስት ገጽ ተቆናጥጦ ሃይድሮጅኑን መግቢያ ያሳጣዋል። አልኮል ወደ ሃይድሮጅን ሲለወጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አብሮ መውጣቱ አይቀርም፤ በከፍተኛ ሙቀት ሲሠራ በመቶኛ የሚቆጠር መጠን ይኖረዋል። በ80 ዲግሪ አካባቢ የሚሠራው የተለመደ ፊውል ሴል ግን የሚችለው ከሚሊዮን አሥር እጅ አካባቢ ብቻ ነው። ስለዚህ አልኮሉን ወደ ሃይድሮጅን ከሚቀይረው መለወጫ ኋላ ሌላ ክፍል ይጨመራል፤ እዚያ ካርቦን ሞኖክሳይዱ እንደገና ከውሃ ጋር ተገናኝቶ ሌላ ሃይድሮጅን ይሰጣል። ከዚያ ቀሪውን ጥቂት ጋዝ ብቻ መርጦ የሚያቃጥል ሦስተኛ ክፍል ይከተላል። ወይም ሃይድሮጅን ብቻ የሚያሳልፍ የፓላዲየም ስስ ቅጠል ይገጠማል። አንድ ክፍል በተጨመረ ቁጥር ክብደት፣ ዋጋና ሊበላሽ የሚችል ነገር አብሮ ይጨመራል። ትልቅ ፋብሪካ ይህን ይሸከመዋል። በጀርባ ሊታዘል የታሰበ ሣጥን ግን ይከብደዋል።

ኢታኖል ሌላም ጣጣ አለው። ሁለቱ ካርቦኖቹ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ እነሱን ለመበጠስ ከፍ ያለ ሙቀትና ጠንካራ ካታሊስት ያስፈልጋል። ሳይበጠሱ ቀርተው ኢታኖሉ ውሃውን ብቻ ከጣለ ኤቲሊን ይሆናል፤ ኤቲሊን ደግሞ ካታሊስቱ ላይ እየተጠራቀመ ጥቀርሻ ያለብሰዋል። ሮዲየም ይህን በደንብ ይቋቋማል፤ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ አውንስ ሮዲየም ወደ 30,000 ዶላር ተጠግቶ ነበር። ኒኬል እጅግ ርካሽ ነው፤ ጥቀርሻውም ቶሎ ይይዘዋል። በመስኩ ካሉ ጥናቶች ብዙዎቹ በእነዚህ በሁለቱ መካከል መንገድ ፍለጋ ናቸው።

አንድ ካርቦን ብቻ ያለው ሌላው አልኮል፣ ሜታኖል፣ በዚህ በኩል ገር ነው። የሚበጠስ የካርቦን ትስስር የለውም፤ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ባለው ሙቀት፣ መዳብና ዚንክ ኦክሳይድ በሆነ ርካሽ ካታሊስት ላይ ከውሃ ጋር ሆኖ ሃይድሮጅን ይሰጣል። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድም ያነሰ ነው። ፎስፎሪክ አሲድ የተነከረ ሽፋን ያላቸውና ወደ 160 ዲግሪ የሚሠሩ ፊውል ሴሎች ደግሞ በመቶኛ የሚቆጠር ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚችሉ እነዚያ ሁሉ የማጥሪያ ክፍሎች ይቀራሉ። ሜታኖል የራሱ ክፋት አለው፤ መርዝ ነው። ጥቂት የተጎነጨ ሰው ዓይኑን፣ ከዚያም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ጀሪካን ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ክብደት ዋጋ በሚያስከፍልበት ቦታ ግን ሜታኖል ቀድሞ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በካሊፎርኒያ ሞሃቬ በረሃ፣ ትዌንቲናይን ፓልምስ በሚገኘው የማሪን ጦር ማሠልጠኛ ውድድር አካሄደ። ወታደር ከልብሱ ጋር የሚያጠልቀው፣ ከ4 ኪሎ የማይበልጥ፣ በአማካይ 20 ዋት ለ96 ሰዓት የሚሰጥ የኃይል ምንጭ ይምጣ ተባለ። ይህ 1,920 ዋት ሰዓት ነው። ያንን ያህል ኃይል ደግመው ደጋግመው ቻርጅ በሚደረጉ የሊቲየም ባትሪዎች ለመያዝ በትንሹ ስምንት ኪሎ ያህል መሸከም ይጠይቃል። የአንድ ሚሊዮን ዶላሩን አንደኛ ሽልማት የወሰዱት የአሜሪካው ዱፖንትና የጀርመኑ ኤስኤፍሲ በጋራ የሠሩት የሜታኖል ፊውል ሴል ነበር።

አሸናፊው መሣሪያ ሃይድሮጅን አውጥቶ አይደለም የሚሠራው፤ ሜታኖሉን በቀጥታ ወደ ሴሉ ያስገባል። መለወጫ ክፍል ስለሌለው ቀላል ነው። በሌላ በኩል ሜታኖሉ በሽፋኑ ሾልኮ ወደ ሌላው ወገን ያልፋል፣ የሚሰጠው ቮልቴጅም ይቀንሳል። የካሊፎርኒያው አልትራሴል ከሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ቤተ ሙከራ በተገኘ ቴክኖሎጂ ተቃራኒውን መንገድ ያዘ፤ ትንሽ መለወጫ ሣጥኑ ውስጥ ከትቶ የሜታኖልና የውሃ ቅልቅልን እዚያው ወደ ሃይድሮጅን እየለወጠ 25 ዋት የሚሰጥ መሣሪያ ለወታደሮች ሠራ። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ዛሬም አልተዘጋም። ለጥቂት ዋት ቀጥተኛው ይበቃል፤ ወደ ኪሎዋት ሲኬድ ግን ሃይድሮጅን አውጥቶ መጠቀም ሚዛን እየደፋ ይመጣል።

ብክነቱም መነገር አለበት። ኤስኤፍሲ ለካራቫን ተጓዦችና በረሃ ላይ ለሚቆሙ የመለኪያ ጣቢያዎች የሚሸጠው ኤፎይ የተባለ ዕቃ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ 0.9 ሊትር ሜታኖል ይጠጣል። በዚያ ሜታኖል ውስጥ ግን አራት ኪሎዋት ሰዓት ያህል አለ፤ ሦስት አራተኛው ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። ያም ሆኖ የ0.9 ሊትር ሜታኖል ክብደት 700 ግራም ያህል ብቻ ነው። ያንኑ ኃይል የሚይዝ ባትሪ በኪሎዎች ይመዘናል።

የንግዱ ዓለም ግን ለዓመታት ሌላ ገበያ ሲያልም ቆይቷል፤ ስልክና ላፕቶፕ። ቶሺባ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2009 ዳይናሪዮ የተባለ በሜታኖል የሚሠራ የስልክ ቻርጀር ለጃፓን ገበያ አቀረበ። በ14 ሚሊ ሊትር ነዳጅ ሁለት ስልክ ይሞላል ተባለ፤ ዋጋው 29,800 የን፣ ብዛቱ 3,000 ብቻ። ገበያው በዚያ መንገድ አልሄደም። የሚገርምም አይደለም። የቶኪዮ ነዋሪ በሄደበት ሁሉ ሶኬት ያገኛል፤ መርዛማ ፈሳሽ በካርትሬጅ እየገዛ የሚሞላበት ምክንያት አልነበረውም። ቴክኖሎጂው የተሸነፈው በድክመቱ ብቻ ሳይሆን ከማያስፈልገው ሰው ደጅ ስለቆመ ነው።

የሚያስፈልገው ደጅ ሌላ ቦታ ነበር። በደቡብ አፍሪካ መብራት በየጊዜው ይቋረጥ ነበር፤ የሞባይል ማማዎች ጄኔሬተር ናፍጣና ባትሪ ደግሞ ለሌባ የተጋለጡ ናቸው። ቮዳኮምን የመሳሰሉ ድርጅቶች በማማዎቻቸው ሥር ከሜታኖልና ከውሃ ቅልቅል ሃይድሮጅን እያወጡ የሚሠሩ የመጠባበቂያ መሣሪያዎችን አስገብተዋል። እነዚህ በአሜሪካው አይዳቴክ ተጀምረው እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ካናዳው ባላርድ፣ ከዚያ ወደ ታይዋን ኩባንያ እጅ የተላለፉ መሣሪያዎች ናቸው። ከነዳጃቸው ከሦስት አንድ እጅ በላይ ውሃ ነው። ናፍጣ የሚሰርቅ ሰው መኪና ላይ ሊቀዳው ወይም ለባለ መኪና ሊሸጠው ነው የሚሰርቀው፤ ይህን ቅልቅል ቢሰርቅ ለምንም አይሆነውም። ውሃው ነዳጁን ጠበቀው።

ኢታኖልን በተመለከተ ዓይኖች ሁሉ የሚያርፉት ብራዚል ላይ ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምራ መኪኖቿን በሸንኮራ አገዳ አልኮል ስታስኬድ ኖራለች፤ ኢታኖል በየማደያው አለ። ኒሳን እ.ኤ.አ. በ2016 እዚያ ያሳየው መኪና 30 ሊትር ኢታኖል ይዞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል ተብሎ ነበር። መኪናው የሚነዳው በባትሪ ነው፤ ባትሪውን ግን አንድ 5 ኪሎዋት ፊውል ሴል መኪናው እየሄደ ይሞላዋል። ይህ ፊውል ሴል ከሴራሚክ የተሠራ፣ በከፍተኛ ሙቀት የሚሠራ ዓይነት ነው። ለእሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ መርዝ ሳይሆን ተጨማሪ ነዳጅ ነው፤ የማጥሪያው ሰልፍ ሁሉ ይቀርለታል። ኒሳን ሊቀዳ የሚችለው ንጹህ ኢታኖል ብቻ ሳይሆን 55 በመቶ ውሃ ያለበትም ጭምር መሆኑን ገልጾ ነበር። ያ ቁጥር ከላይ ካየነው ከአንድ ለሦስቱ ሒሳብ ጋር ቁልጭ ብሎ ይገጥማል። የሴራሚክ ሴል ድክመቱ ጊዜ ነው፤ በብርድ ተነሥቶ ወደዚያ ሙቀት እስኪደርስ ይቆያል፣ ማሞቅና ማቀዝቀዙ ሲደጋገም ሴራሚኩ ሊሰነጠቅ ይችላል። መኪናው ወደ ገበያ አልወጣም።

በሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ደግሞ ከኢታኖል በሰዓት 4.5 ኪሎ ሃይድሮጅን የሚያወጣ ማደያ ተገንብቷል፤ የታሰበውም ለግቢው አውቶቡሶችና ለሙከራ መኪና ነው። በጀርባ የሚታዘል አይደለም። ሆኖም ዋናውን ሐሳብ ይዟል፤ ሃይድሮጅን በከባድ መኪና ተጭኖ ከሩቅ አይመጣም፣ እዚያው በሚፈለግበት ቦታ ይወጣል።

አንድ ጥያቄ ሳይነሣ ማለፍ የለበትም። ነዳጁ ታዳሽ ነው ወይ? በዓለም ላይ ከሚመረተው ሜታኖል ከፍተኛው እጅ ዛሬም ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው የሚወጣው፤ ያንን ማማ ሥር አስቀምጦ ንጹሕ ኃይል ነው ማለት አይቻልም። ሌላ መንገድ ያሳየችው አይስላንድ ናት። ስቫርትሴንጊ በተባለው የእንፋሎት ኃይል ጣቢያ አጠገብ ያለው ፋብሪካ ከጣቢያው የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በኤሌክትሪክ ከውሃ ከተገኘ ሃይድሮጅን ጋር አዋሕዶ በዓመት 4,000 ቶን ሜታኖል የማምረት አቅም ነበረው። ዴንማርክ ካሶ ላይ እ.ኤ.አ. በ2025 የተመረቀው ፋብሪካ አቅሙ 42,000 ቶን ነው። የኢታኖልም ታዳሽነት እንደ ምንጩ ይለያያል፤ በቆሎን ከሰው አፍ ወስዶ የሚሠራው ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት ከሚሠራው ጋር አንድ አይደለም።

ኢትዮጵያ ያላት ሁለተኛው ዓይነት ነው። የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ኢታኖል ያወጣሉ። አዲስ አበባ ውስጥ አምስት በመቶ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን መሸጥ የጀመረው በ2001 ዓ.ም. ሲሆን በ2003 ዓ.ም. ወደ አሥር በመቶ ከፍ ብሏል። ለዚህ ሲባል ኢታኖሉ እስከ መጨረሻው መድረቅ ነበረበት። ጋያ የተባለ ማኅበር ደግሞ ያልደረቀውን ኢታኖል በጅግጅጋ አካባቢ ላሉ የሶማሊያ ስደተኞች መጠለያዎች ምድጃ ማንደጃ አድርጎ አድርሶታል፤ እንጨት ፍለጋ ርቀው ይሄዱ የነበሩ ሴቶች ጭስ በሌለው እሳት አብስለዋል። ውሃ ያለበት አልኮል በጀሪካን ተጭኖ፣ ተቀድቶ፣ በቤት ውስጥ በደኅና ሊያገለግል እንደሚችል የታየው እንግዲህ እዚሁ አገር ነው።

ከኤሌክትሪክ መስመር ውጪ ላሉ ጤና ጣቢያዎችና የቴሌኮም ማማዎች የሚሄደው ናፍጣ ግን በሙሉ ከውጭ የሚገባ ነው። ፀሐይ ብዙውን ሥራ ትሸፍናለች፤ ደመና ለሚበዛባቸው የክረምት ሳምንታት፣ የክትባት ማቀዝቀዣ ለአንድ ሌሊት እንኳ ሊጠፋ በማይገባበት ቦታ፣ ከባትሪው ጎን የሚቆም አንድ ኪሎዋት የኢታኖል ፊውል ሴል ትርጉም ይኖረዋል። እንቅፋቱም የታወቀ ነው። ከሞላሰስ በሚወጣ አልኮል ውስጥ አብረው የሚመጡ ከባድ አልኮሎች ጥቀርሻ ያበዛሉ፣ ጥቂት ሰልፈር እንኳ ካታሊስቱን ያደክማል። በብራዚል ኢታኖል የተሞከረ መለወጫ በፊንጫ ኢታኖል ስንት ሰዓት እንደሚቆይ የሚታወቀው በራሱ በፊንጫ ኢታኖል ሲሠራ ብቻ ነው። ለዚያ አዲስ ፋብሪካ አያስፈልግም። አልኮሉ ከማጥለያው ማማ ወጥቶ ወደ ማድረቂያው ከመግባቱ በፊት፣ ውሃው እንዳለ፣ ጥቂት በርሜል ቀድቶ ለአገር ውስጥ የኬሚካል ምሕንድስና ትምህርት ክፍሎች መስጠትና ካታሊስቱ በየስንት ሰዓቱ ጥቀርሻ እንደሚይዝ ማስመዝገብ ይበቃል።